ሬድማይን ላይ ማን ምን ያያል? የቡድን ፈቃድ አደላደል ከሀ እስከ ፐ

ሀዋሳ ያሉ ትንንሽ የሶፍትዌር ቢሮዎች የሥራ መከታተያቸውን ከፍተው ሲያሳዩኝ ብዙ ጊዜ የማየው ተመሳሳይ ነው። አንድ አካውንት አለ። ፓስወርዱ የቴሌግራም ግሩፑ ላይ ፒን ተደርጓል። ፕሮግራመሩም፣ ተለማማጁም፣ አንዳንዴ ደንበኛውም በዚያው ይገባሉ። ቲኬት (አንድ ሥራ ወይም ችግር የሚመዘገብበት ገጽ) ሲጠፋ «ማን አጠፋው?» ይባላል። ሲስተሙ የሚያውቀው ግን አንድ ስም ብቻ ነው።

ሰዉ ግድ የለሽ ስለሆነ አይደለም። ታዋቂዎቹ መከታተያዎች በሰው ቁጥር ያስከፍላሉ፤ ያውም በዶላር። ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነው። ነፃ ዕቅዶች አሉ፤ ፈቃድ ላይ ግን ስስታም ናቸው። ለምሳሌ የጂራ ነፃ ዕቅድ እስከ 10 ሰው ያስገባል። በፕሮጀክቱ ውስጥ ማን ምን ያድርግ የሚለውን ግን በነፃው ላይ መቀየር አይቻልም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ሬድማይን ላይ ነው። ሬድማይን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ መከታተያ ነው። በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ትጭኑታላችሁ። የተጠቃሚ ቁጥር ገደብ የለውም። ለአሥር ሰው አሥር አካውንት መክፈት አንድ ሳንቲም አይጨምርም። መልኩ ያረጀ ነው፣ አልክድም። ፈቃድ አደላደሉ ግን ከብዙ ዘመናዊ ነን ባዮች የተሻለ ነው።

እንደ ምሳሌ አንድ ቡድን እንውሰድ። ቢሮው ፒያሳ አካባቢ ነው። አንዲት የፕሮጀክት መሪ፣ አራት ፕሮግራመሮች፣ አንዲት ሞካሪ አሉ። ከሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ለኢንተርንሺፕ የመጡ ሦስት ተማሪዎች አሉ። አንድ ዲዛይነር አዲስ አበባ ሆኖ በኮንትራት ይሠራል። ደንበኛው ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ነው፤ የክፍል ማስያዣ ሲስተም እየተሠራለት ነው። የሆቴሉ የእንግዳ መቀበያ ኃላፊና የሒሳብ ክፍሉ ሰው ችግር ሲያዩ ቲኬት መክፈት ይፈልጋሉ።

ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት

ወረቀት አውጡ። በግራ በኩል የሰዎቹን የሥራ ድርሻ ጻፉ፤ ስማቸውን አይደለም። በቀኝ በኩል ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ማየት አለበት? ምን መጻፍ አለበት? ምን ማጥፋት ይችላል? ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ቢሆን ደስ ይለኛል። ይህ ሥራ ረጅም አይደለም። አሞራ ገደል ዓሣው ተጠብሶ እስኪመጣ ትጨርሱታላችሁ።

ስም አትጻፉ ያልኩበት ምክንያት አለ። እኛ ጋር ፈቃድ መስጠት ቀላል ነው፤ መንሳት ነው ጭንቁ። ትናንት ሁሉን የሚያይ የነበረ ሰው ዛሬ ገጹ ቢዘጋበት «ምን አጠፋሁ?» ይላል። አለቃውም ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ነገሩ እንዳለ ይቀራል። ደንቡ ሰው ከመምጣቱ በፊት በሥራ ድርሻ ከተጻፈ ግን ማንም አይቀየምም። ተለማማጅ ቲኬት አያጠፋም ከተባለ፣ የመሪዋ የእህት ልጅም ቢሆን አያጠፋም።

ደረጃ 1፦ የውጭውን በር ዝጉ

በአድሚን አካውንት ግቡ። አዲስ የተጫነ ሬድማይን ስሙም ፓስወርዱም «አድሚን» ነው፤ ይህን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ እሱን ቀይሩ።

ቀጥሎ «አድሚኒስትሬሽን»፣ ከዚያ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኦተንቲኬሽን» የሚለውን ክፈቱ። እዚያ «ኦተንቲኬሽን ሪኳየርድ» የሚል አለ። አብሩት። ካልበራ፣ ያልገባ ሰውም ክፍት ፕሮጀክቶችን ማየት ይችላል። «ሰልፍ ሬጂስትሬሽን» የሚለውን «ዲስኤብልድ» አድርጉ። አካውንት የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ፤ ሰው በራሱ እየተመዘገበ አይገባም።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ቦታ ላይ ደረስን። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕሮጀክትስ» የሚለውን ክፈቱ። አዳዲስ ፕሮጀክቶች በነባሪ «ፐብሊክ» እንዲሆኑ የሚያደርግ ሳጥን አለ። ሬድማይን ሲጫን ይህ ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ነው የሚመጣው። ምልክቱን አንሱ።

ለምን? ሬድማይን ውስጥ «ፐብሊክ» ማለት አባል ያልሆነ ሰውም ያያል ማለት ነው። የበሩ ፓስወርድ ያለው ሁሉ «ነን ሜምበር» በሚባል አብሮ በተሠራ ሚና በኩል ይገባል። የአንዱ ሆቴል ሰው አካውንት አለው እንበል። ነገ ለሌላ ሆቴል አዲስ ፕሮጀክት ብትከፍቱና ሳጥኑን ብትረሱት፣ የመጀመሪያው ሆቴል ሰው የሁለተኛውን ቲኬቶች ቁጭ ብሎ ያነባል። ማንም ፈቃድ አልሰጠውም። ማንም አልሰረቀም። ሳጥኑ ነው። ቀድሞ የተከፈቱትንም ፕሮጀክቶች አንድ በአንድ ገብታችሁ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፐብሊክ» የሚለውን አጥፉ፤ የነባሪው ለውጥ አሮጌዎቹን አይነካም።

ደረጃ 2፦ አድሚን ሁለት ይበቃል

አድሚንነት ሚና አይደለም። በተጠቃሚው ገጽ ላይ ያለ አንድ ሳጥን ነው። እሱ ከተደረገ ሌላው ፈቃድ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ሰውየው ሁሉንም ያያል፣ ሁሉንም ይነካል። የቢሮው ባለቤት «እኔማ አድሚን መሆን አለብኝ» ሊሉ ይችላሉ። በትህትና አስረዷቸው። ሪፖርት ለማየት አድሚን መሆን አያስፈልግም።

አንድ ብቻ ግን አታድርጉ። ለፍቼ ጫምባላላ ከተማው ሁሉ ወደ ጉዱማሌ ሲተም፣ ብቸኛው አድሚን ስልኩን አጥፍቶ ገጠር ቤተሰቡ ጋ ሊሆን ይችላል። ሁለት ይሁኑ። ሁለቱም ለዕለት ሥራቸው ሌላ ተራ አካውንት ይኑራቸው። አድሚኑን የሚከፍቱት ቅንብር ለመቀየር ብቻ ነው።

ሬድማይን ከ4.2 ጀምሮ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አለው። በስልክ ላይ ባለ መተግበሪያ የሚወጣ ቁጥር ነው፤ ኔትወርክ አይፈልግም። ቢያንስ ለአድሚኖቹ አብሩት። ቁጥሩ በሰዓት ላይ ስለሚመሠረት የሰርቨሩ ሰዓት ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። መጠባበቂያ ኮዶቹን ደግሞ አትመው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉ።

ደረጃ 3፦ ሚናዎቹን ሥሩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። «አድሚኒስትሬሽን» ውስጥ «ሮልስ ኤንድ ፐርሚሽንስ» የሚለውን ክፈቱ። ነባሪውን ቅንብር ጭናችሁ ከሆነ «ማኔጀር»፣ «ዴቨሎፐር» እና «ሪፖርተር» የሚሉ ሚናዎች ታገኛላችሁ። ከታች ደግሞ «ነን ሜምበር» እና «አኖኒመስ» (ሳይገባ የሚያይ ሰው) አሉ፤ እነዚህ ሁለቱ አይጠፉም። ግን ባዶ ማድረግ ትችላላችሁ። ሁለቱንም ገብታችሁ ሁሉንም ምልክት አንሱ። ነገ አንድ ሰው ሳያስበው ፕሮጀክት «ፐብሊክ» ቢያደርግ እንኳ ጉዳቱ ይቀንሳል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሬድማይን ውስጥ «ይህን ከልክል» የሚባል ፈቃድ የለም። ያለው «ይህን ፍቀድ» ብቻ ነው። አንድ ሰው በአንድ ፕሮጀክት ሁለት ሚና ካለው የሁለቱ ፈቃድ ይደመራል። ወጥ ላይ እንዳለ ጨው ነው፤ ትጨምራላችሁ እንጂ መልሳችሁ አታወጡም። ስለዚህ ለተለማማጁ «ዴቨሎፐር» የሚለውን ሰጥታችሁ፣ «ተለማማጅ» የሚል ጠባብ ሚና ብትጨምሩበት ምንም አልጠበበም። ሰፊውን ማንሳት አለባችሁ።

ከዚህ የሚከተለው አሠራር ግልጽ ነው። ከባዶ ጀምሩ። ሰው «ይህ አልከፈት አለኝ» ሲል አንዱን ጨምሩ። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር ይህን በ1975 እ.ኤ.አ. የኮምፒውተር ጥበቃ መርህ አድርገው ጽፈውታል፦ እያንዳንዱ ሰው ሥራውን ለመጨረስ የሚበቃው ፈቃድ ብቻ ይኑረው። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆነው። እኛ ግን አሁንም ለሁሉም ሁሉን ከፍተን እንጀምራለን።

ለምሳሌው ቡድን አምስት ሚና ይበቃል፦ መሪ፣ ፕሮግራመር፣ ሞካሪ፣ ተለማማጅ፣ ደንበኛ። ዲዛይነሩ የራሱ ሚና አያስፈልገውም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። አዲስ ሚና ስትከፍቱ ከነባር ሚና ወርክፍሎው (ቲኬት ከየትኛው ሁኔታ ወደ የትኛው ማለፍ እንደሚችል የሚወስነውን ደንብ) እንድትቀዱ የሚጠይቅ ሳጥን አለ። ቅዱ። ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታያላችሁ።

*ደንበኛ።* ቲኬት ማየት፣ ቲኬት መክፈት፣ አስተያየት መጻፍ። አለቀ። «ኢሹስ ካን ቢ አሳይንድ ቱ ዚስ ሮል» የሚለውን ምልክት አንሱ፤ ሬድማይን ቲኬትን «ኢሹ» ነው የሚለው። ካላነሳችሁ ቲኬቱ የሚሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የሆቴሉ ሒሳብ ሠራተኛ ይመጣል። አንድ ቀን በስህተት የዳታቤዝ ሥራ ይደርሰዋል። «ዩዘርስ ቪዚቢሊቲ» የሚለውን ደግሞ በሚያያቸው ፕሮጀክቶች ውስጥ ያሉትን አባላት ብቻ እንዲያይ አድርጉ። የሌሎች ደንበኞቻችሁን ሠራተኞች ስም ማየት የለበትም።

*ተለማማጅ።* ቲኬት ማየት፣ አስተያየት መጻፍ፣ የተሰጠውን ቲኬት ሁኔታ መቀየር። «ኢሹስ ቪዚቢሊቲ» የሚለው ሦስት ምርጫ አለው፦ ሁሉንም፣ የግል ያልሆኑትን ሁሉ፣ ወይም ራሱ የከፈታቸውንና ለእሱ የተሰጡትን ብቻ። ብዙ ቢሮ ለተለማማጅ ሦስተኛውን ይመርጣል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ልጆቹ ለመማር ነው የመጡት። ሌሎቹ ቲኬት ላይ እንዴት እንደሚከራከሩ፣ ስህተት እንዴት እንደሚታደን ካላዩ ምን ተማሩ?

*ሞካሪ።* እዚህ ጋ ሬድማይን ጥሩ ነገር አለው። የቲኬት ፈቃዶች በትራከር፣ ማለትም በቲኬቱ ዓይነት፣ ሊከፋፈሉ ይችላሉ። ሞካሪዋ «ባግ» (ስህተት) የሚለውን ትራከር እንድትከፍት፣ «ፊቸር» (አዲስ ተግባር) የሚለውን ግን እንድታይ ብቻ ማድረግ ይቻላል። ሚናው ገጽ ግርጌ ላይ ያለውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ።

*ፕሮግራመር።* ቲኬት መክፈት፣ ማስተካከል፣ ሰዓት መመዝገብ፣ የኮድ ማከማቻውን ማየት፣ ዊኪ (የፕሮጀክቱን የጋራ ማስታወሻ ገጾች) መጻፍ።

*መሪ።* ከላይ ያለው ሁሉ፣ አባላትን ማስተዳደርም ይጨመራል። «ማኔጅ ሜምበርስ» ስትሰጡ የትኞቹን ሚናዎች ለሰው መስጠት እንደምትችል መወሰን ትችላላችሁ። ሁሉንም አትክፈቱ፤ ከመሪ በታች ያሉትን ብቻ።

«ዲሊት ኢሹስ» የሚለውንስ ለማን? ለማንም። ሬድማይን የቆሻሻ ቅርጫት የለውም። የጠፋ ቲኬት ከነአስተያየቱና ከነፋይሉ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ከባካፕ ብቻ ነው። በስህተት የተከፈተ ቲኬት ካለ «ሪጄክትድ» ብላችሁ ዝጉት። በእርግጥ መጥፋት ያለበት ካለ አድሚኑ ያጥፋው።

ደረጃ 4፦ ወርክፍሎው

ፈቃድ ሰጥታችሁ፣ ሰውየው «ሁኔታውን መቀየር አልቻልኩም» ካለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። አዲሱ ሚና ወርክፍሎው ካልተቀዳለት ቲኬቱን ከየት ወደ የት ማንቀሳቀስ እንደሚችል አልተነገረውም። «አድሚኒስትሬሽን» ውስጥ «ወርክፍሎው» የሚለውን ክፈቱ። ሚናውንና ትራከሩን ምረጡ። በግራ ያሁኑ ሁኔታ፣ ከላይ አዲሱ ሁኔታ ያለበት ሰንጠረዥ ይመጣል። የምትፈቅዱት መስቀለኛ ላይ ምልክት አድርጉ።

እኔ የምመክረው አንድ ደንብ አለ። ፕሮግራመር ቲኬቱን «ሪዞልቭድ» (ተፈትቷል) ድረስ ያድርሰው። «ክሎዝድ» (ተዘግቷል) የምትለው ሞካሪዋ ትሁን። ሰው የራሱን ሥራ ራሱ ፈትኖ ራሱ አለፈ ብሎ መዝጋት የለበትም። ይህን በስብሰባ ደጋግሞ ከመናገር ሁለት ሳጥን ማንሳት ይቀላል።

ደረጃ 5፦ ግሩፕና አባልነት

ሰዎችን ወደ ፕሮጀክት አንድ በአንድ አታስገቡ። «አድሚኒስትሬሽን» ውስጥ «ግሩፕስ» የሚለውን ክፈቱና እንደ ሥራ ድርሻው ግሩፕ ሥሩ። ከዚያ ፕሮጀክቱ ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ «ሜምበርስ» ገብታችሁ ግሩፑን ከነሚናው ጨምሩ። አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ አካውንት ትከፍቱለታላችሁ፣ ግሩፑ ውስጥ ትከቱታላችሁ፤ ያ ግሩፕ ባለበት ፕሮጀክት ሁሉ ይገባል። ሲሄድም ከግሩፑ ስታወጡት በግሩፑ በኩል ያገኘው ሁሉ አብሮ ይወጣል።

ደንበኛው ጋ ስንመጣ ነገሩ ይለያል። ለሆቴሉ ሥራ ሁለት ፕሮጀክት ክፈቱ። አንዱ ዋናው፣ የቡድኑ የውስጥ ሥራ ያለበት። ሌላው በሥሩ ያለ ንዑስ ፕሮጀክት፣ «የሆቴሉ ጥያቄዎች» የሚባል። ንዑሱ ላይ «ኢንሄሪት ሜምበርስ» የሚለውን አብሩ። የዋናው ፕሮጀክት አባላት ወዲያው ወደ ንዑሱ ይወርዳሉ። የሆቴሉን ሰዎች ንዑሱ ላይ ብቻ ጨምሩ። አባልነት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ከታች ወደ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ቡድናችሁ የደንበኛውን ጥያቄ ያያል፣ ደንበኛው ግን እርስ በርስ የምትባባሉትን አያይም። ይህን አደራረግ ከየትኛውም የግል ቲኬት ምልክት በላይ አምነዋለሁ። ምልክት ይረሳል፤ ያልገባበት ፕሮጀክት ግን አይታየውም።

ዲዛይነሩ ያው የፕሮግራመር ሚና ይኑረው፤ ግን በግሩፕ ሳይሆን በስሙ፣ በዚህ ፕሮጀክት ብቻ ጨምሩት። ኮንትራቱ ሲያልቅ የሚነሳው አንድ መስመር ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ስስ መረጃ

ቲኬቱን የሚያይ ሰው ፋይሉንም ያያል። የእንግዳ መቀበያው ኃላፊ ችግሩን ለማስረዳት ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ይልካል። ፎቶው ላይ የእንግዳ ስም፣ ስልክ፣ የፓስፖርት ቁጥር አለ። ኢትዮጵያ አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፣ ቁጥር 1321/2016። «ተለማማጁ አይቶት ነው» ማለት መልስ አይሆንም። ደንበኛውን ከመጀመሪያው ንገሩት፦ ስምና ቁጥሩን ሸፍኖ ይላክ። አልሸፍን ያለ ካለ ቲኬቱን የግል አድርጉትና ፋይሉን አንሱ። በኢሜይል ማሳወቂያ ቀድሞ የወጣ ጽሑፍ ግን ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ቶሎ።

ዋጋና የክፍያ ቀን ቲኬት ላይ የምትይዙ ከሆነ በተራ መግለጫ ውስጥ አትጻፉት። ከስተም ፊልድ (ራሳችሁ የምትጨምሩት የመረጃ ሳጥን) ሥሩለት፤ ለመሪ ሚና ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ከደንበኛው ፊት ቲኬት ላይ በውስጥ መነጋገር ካስፈለገ ደግሞ የግል ማስታወሻ አለ፤ የሚያነቡት ፈቃዱ ያላቸው ብቻ ናቸው።

ዊኪው ላይ ተጠንቀቁ። ሬድማይን አንዱን የዊኪ ገጽ ከሌላው ለይቶ ለማየት የሚከለክል ፈቃድ የለውም። ዊኪ የሚያይ ሁሉንም ያያል። የሰርቨር ፓስወርድ እዚያ አይጻፍ።

ደረጃ 7፦ በሰውየው ዓይን እዩት

በአድሚን ገብታችሁ «ይሠራል» አትበሉ። ለአድሚን ሁሉም ይሠራል። ለእያንዳንዱ ሚና አንድ የሙከራ አካውንት ክፈቱ። በብራውዘሩ የግል መስኮት ግቡበት። የደንበኛውን ስትሞክሩ ሦስት ነገር ፈትሹ። ዋናው ፕሮጀክት ዝርዝሩ ውስጥ ይታያል? ፍለጋው ላይ የውስጥ ቲኬት ውስጥ ያለ ቃል ብትጽፉ ይወጣል? የውስጥ ቲኬትን ቁጥር አድራሻው ላይ በእጅ ብትጽፉ ይከፈታል? ሦስተኛውን አትዝለሉት፤ ደንበኛ ከኢሜይል ላይ ቁጥር አይቶ መሞከሩ አይቀርም። ስትጨርሱ የሙከራ አካውንቶቹን ቆልፉ።

ደረጃ 8፦ ሰው ሲሄድ

ተማሪዎቹ ኢንተርንሺፓቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። ጥሩ ልጅ ከሆነ ሽኝት ይደረጋል፣ ቡና ይፈላል፣ አካውንቱ ግን ክፍት ይቀራል። ይህን ቅደም ተከተል ያዙ።

መጀመሪያ ለእሱ የተሰጡትን ያልተዘጉ ቲኬቶች ፈልጋችሁ ለሌላ ሰው አስተላልፉ። ቀጥሎ ከግሩፑ አውጡት። ከዚያ «አድሚኒስትሬሽን»፣ «ዩዘርስ» ገብታችሁ «ሎክ» በሉ። «ዲሊት» አትበሉ። ብታጠፉት የጻፈው ሁሉ «አኖኒመስ» በሚል ስም ሥር ይገባል፤ ከወራት በኋላ ይህን ማን ወሰነ ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙም። የተቆለፈ ሰው መግባት አይችልም፣ ማሳወቂያም አይደርሰውም፣ ታሪኩ ግን በስሙ ይቆያል።

ሬድማይን ላይ መቆለፍ ኮዱ የሚቀመጥበትን ጊት ሰርቨር አይቆልፍም። እሱ ለብቻው ነው። የሰርቨሩ መግቢያ፣ የቴሌግራም ግሩፑ፣ የጋራ ኢሜይሉም እንዲሁ። እነዚህን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከመሸኛ ደብዳቤው ጋር አያይዟት፤ መሪዋ አንድ በአንድ ምልክት አድርጋ ትፈርምበት። ሁሉም በዚያው ወረቀት ስለሚሸኝ «እኔን ለይታችሁ ነው» የሚል አይኖርም።

ደረጃ 9፦ በየጊዜው መቃኘት

«ሮልስ ኤንድ ፐርሚሽንስ» ገጽ ላይ «ፐርሚሽንስ ሪፖርት» የሚል አለ። ሚናዎቹ ከላይ፣ ፈቃዶቹ በጎን ተደርድረው በአንድ ሰንጠረዥ ይመጣሉ። ተማሪዎች በሚቀያየሩበት ሰሞን ክፈቱትና ከመጀመሪያው ወረቀታችሁ ጋር አስተያዩት። ሰው ሲጣደፍ «ለዛሬ ብቻ» ተብለው የተከፈቱ ሳጥኖች እዚህ ይገኛሉ። የተጠቃሚዎችንም ዝርዝር በመጨረሻ የገቡበት ቀን ደርድሩት፤ ለወራት ያልገባ ካለ ደውላችሁ ጠይቁና ቆልፉ።

በዚያው እጃችሁ ባካፑን ፈትኑ። ዳታቤዙ ብቻውን አይበቃም፤ «ፋይልስ» የሚባለው ፎልደርም አብሮ መቀመጥ አለበት፤ ካልሆነ ቲኬቶቹ ሲመለሱ አባሪዎቻቸው አይመለሱም። ባካፑ የተቀመጠበት ፍላሽ ወይም ድራይቭም ሁሉንም ፈቃድ አልፎ ሁሉን ነገር የያዘ ነው። ማን ጋ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።